የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታና የቤተሰቡ ድርሻ

(ከንባብ ክፍለ ጊዜ በኋላ ለገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጡረታ ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ ጡረታ የደመወዝተኛ ጉዳይ ነው፤ ምን አገባን?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ገበሬ ጡረታ የለውም። ጉልበት እስካለው ያርሳል፤ ጉልበቱ ሲደክም ልጁ እርፉን ይቀበለዋል። ይሁን እንጂ ልጁ መምህር የሆነለት፣ ልጇ ጤና ኬላ የተቀጠረችላት፣ ወንድሙ አዲስ አበባ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራለት እጅ ያውጣ ስንል እዚህ ከተቀመጣችሁት ከግማሽ በላይ እጃችሁን አወጣችሁ። እንግዲያውስ ጡረታ ደጃችሁን አልፎ ቤት ገብቷል ማለት ነው።

ለመሆኑ ጡረታ ምንድን ነው? የመንግሥት ሠራተኛ በየወሩ ደመወዙን ሲቀበል ሙሉውን አይቀበልም። ከእያንዳንዱ 100 ብር ላይ 7 ብር ለጡረታ ይቀነስበታል። አሠሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ በሠራተኛው ስም 11 ብር ይከፍልለታል። ሁለቱ ሲደመር 18 ብር ይሆናል። ይህ የጡረታ መዋጮ ይባላል። ሠራተኛው 60 ዓመት ሲሞላው ሥራ ያቆማል፤ ከዚያ ወዲያ በሕይወት እስካለ ድረስ በየወሩ ገንዘብ ይከፈለዋል። ይኸኛው የጡረታ አበል ነው። ለወታደርና ለፖሊስ አሠራሩ ለየት ይላል፤ ዛሬ እሱን አንነካም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መዋጮው ሠራተኛው በራሱ ጎተራ እንዳስቀመጠው እህል አይደለም። ይልቅስ እድርን ይመስላል። በእድር ሁሉም ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ይቀበላል። ብዙ ሐዘን የደረሰበት ካዋጣው በላይ ሊቀበል ይችላል፤ ማንም አይከሰውም። ጡረታም እንዲሁ ነው። ረዥም ዕድሜ የኖረ ጡረተኛ ካዋጣው በላይ ይቀበላል። ቶሎ የሞተ ሠራተኛ ደግሞ ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች ካሉት የእሱ ድርሻ ወደ እነሱ ይዞራል። ይህን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። «የልጄ 7 ብር የት ገባ? ያውጣውና በሬ እንግዛበት» የሚል ሰው አጋጥሞናል። እንደፈለጉ የሚያወጡት ገንዘብ አይደለም።

ጡረታ የጥንት ነገር አይደለም። በጀርመን አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 ዓ.ም. በሕግ ሲወሰን የሚከፈለው 70 ዓመት ለሞላው ሠራተኛ ነበር። በዚያ ዘመን 70 ዓመት የሚደርስ ሠራተኛ ስንት ነበር? ጥቂት ነው። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በሕግ የቆመው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ግን እንዲህ ያለው ሕግ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ለመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 714፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 715 ወጡ። የመንግሥት ሠራተኞቹ ሕግ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። ሥራውን የሚመራው መሥሪያ ቤት የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይባላል። ስሙ ረዥም ነው፤ ግን አንድ ቀን ትፈልጉት ይሆናልና በደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

አበሉ ስንት ነው? ይህን በሰሌዳው ላይ አብረን እናስላ። አንድ ሠራተኛ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት በአማካይ በወር 10,000 ብር ደመወዝ ነበረው እንበል። ስለ መጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት የደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ይህም 3,000 ብር ነው። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ይህም 125 ብር ነው። ሰውየው 30 ዓመት አገልግሎ ከሆነ ትርፉ 20 ዓመት ነው፤ 125 ብር 20 ጊዜ ሲባዛ 2,500 ብር ይሆናል። 3,000 ብርና 2,500 ብር ሲደመር 5,500 ብር። አበሉ ይህ ነው። የቱንም ያህል ዘመን ቢያገለግል ከ70 በመቶ፣ ማለትም ከ7,000 ብር አያልፍም። 10 ዓመት ሳያገለግል 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ደግሞ በየወሩ የሚከፈል አበል የለውም። ዳረጎት የሚባል ገንዘብ አንድ ጊዜ ተሰጥቶት ይሰናበታል።

እንግዲህ ተመልከቱ። ትናንት በ10,000 ብር ደመወዝ ይተዳደር የነበረ ቤት ዛሬ በ5,500 ብር ሊተዳደር ነው። እርግጥ ከ10,000 ብሩ ላይ ግብርና መዋጮ ይቀነስ ስለነበረ እጅ የሚገባው ከዚያ ያነሰ ነበር። ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው። መንግሥት አበሉን በየጊዜው ያሻሽላል፤ የጤፍ ዋጋ ግን የመንግሥትን ማሻሻያ ቆሞ አይጠብቅም።

ይህ በሰሌዳ ላይ ያለው ሒሳብ ነው። በኑሮ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ወደ አዲስ አበባ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ወደሚባለው ሰፈር እንውሰዳችሁ። ልደታን የመረጥነው ከእኛ መካከል የአንዳንዶቻችን ዘመዶች እዚያ ስለሚኖሩ፣ ጎረቤቶቻቸውም ጡረተኞች ስለሆኑና ኑሯቸውን ሳይደብቁ ስላጫወቱን ነው።

ልደታ ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤት ልደታ ምድብም እዚያው ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም በአጠገቡ ያልፋል። ቀድሞ በዚያ ቦታ የተጠጋጉ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አሮጌው ሰፈር ፈርሶ በምትኩ ኮንዶሚኒየም ተሠራ። ኮንዶሚኒየም ማለት ቤት በቤት ላይ ተደራርቦ የተሠራበት ሕንፃ ነው። አንዱ ቤተሰብ ከታች፣ ሌላው ከሱ በላይ፣ ሌላው ደግሞ ከዚያ በላይ ይኖራል። ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ነው፤ ዕጣው የወጣለት ሰው «ጉልበቴን ያመኛልና ታችኛውን ስጡኝ» ብሎ አይመርጥም። በመሆኑም ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ደረጃውን አንድ ጊዜ ከወረዱ ቶሎ አይመለሱም። ጠዋት ወርደው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ለመውጣት ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃሉ።

ከሁሉ በላይ እናንተን የሚገርማችሁ ጓሮ የሌለው መሆኑ ነው። ጎመን የለም፣ ጌሾ የለም፣ ዶሮ የለም፣ እንጨት የለም። ውኃው በገንዘብ ነው፤ መብራቱ በገንዘብ ነው። ገጠር ያለ ሽማግሌ እጁ ላይ ሳንቲም ባይኖር ከጓሮው ጎመን ቀንጥሶ ያድራል። የልደታ ጡረተኛ ግን ብር ከሌለው ምንም የለውም። እናንተ «ልጃችን ከተማ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው» ስትሉ ሀብታም ይመስላችኋል። ፎቁስ ፎቅ ነው፤ የባንክ ዕዳ ያለበት ፎቅ ግን ብዙ ነው።

ስለ ዕዳው እንናገር። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ቅድሚያ ክፍያ ይከፍላል፤ የቀረውን በባንክ ብድር በየወሩ ይከፍላል። ሃያ ሰማንያ በሚባለው አሠራር ከ100 ብር 20 ብሩን አስቀድሞ፣ 80 ብሩን ቀስ በቀስ መክፈል ማለት ነው። ብድሩ እስከ 20 ዓመት ሊዘልቅ ይችላል። አሁን አስሉት። በ45 ዓመቱ ቤት የደረሰው ሠራተኛ ዕዳውን የሚጨርሰው በስንት ዓመቱ ነው? በ65 ዓመቱ። ደመወዙ የሚቆመው ግን በ60 ዓመቱ ነው። የቀረውን 5 ዓመት በጡረታ አበል ይከፍላል። ልደታ ካነጋገርናቸው አባቶች አንዱ በዚህ ችግር ውስጥ ነበሩ። የባንኩን ከከፈሉ በኋላ በተረፋቸው ገንዘብ ወሩን መድፈን ስላቃታቸው ከሁለቱ ክፍል አንዱን አከራይተው ከባለቤታቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር በአንደኛው ተጣበው ይኖራሉ። ሌላ ጎረቤታቸው ቤቱን በሙሉ አከራይቶ ራሱ ከከተማው ዳር ርካሽ ቤት ተከራይቷል። ቤቱ የሱ ነው፤ የሚኖርበት ግን ሌላ ሰው ነው።

እነዚህ ሰዎች አባካኝ አልነበሩም። አንድም ቀን ቁጭ ብለው «60 ዓመት ሲሞላኝ ምን ይገባል? ምን ይወጣል?» ብለው በወረቀት ላይ አለመጻፋቸው ነው እንጂ። ለምን አልጻፋችሁም ስንላቸው አንደኛው ሳቁና «ልጆቼ፣ ደመወዝ ያለው ሰው የሚያርጅ አይመስለውም» አሉን።

በዚያው ሕንፃ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ፣ በመዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሌላ አባት አሉ። እሳቸውና ባለቤታቸው ያደረጉት ነገር ቀላል ሆኖ ሳለ ሌላ ሰው ሲያደርገው አላየንም። ጡረታ ሊወጡ 2 ዓመት ሲቀራቸው ከመሥሪያ ቤታቸው አበላቸው ምን ያህል እንደሚሆን አስልተው አወቁ። ከዚያም ባልና ሚስት ተማክረው፣ ደመወዙ ሙሉ እየገባ ሳለ፣ በአበሉ ልክ ብቻ መኖር ጀመሩ። የመጀመሪያው ወር አልሆነላቸውም፤ በ20ኛው ቀን ገንዘቡ አለቀ። በሁለተኛው ወር በርበሬውን በጅምላ ገዙ፤ ሥጋውን ለበዓል ብቻ አደረጉ፤ አልፎ አልፎ ይገቡበት የነበረውን ሁለተኛ እቁብ ተዉ። በአራተኛው ወር ኑሮው ልክ መጣ። የተረፈውን በሙሉ ለባንኩ አስቀድመው ከፈሉና ጡረታ በወጡበት ወር ዕዳው አለቀ። «ጡረታ የወጣሁ ቀን ምንም አልተሰማኝም፤ ሁለት ዓመት ተለማምጄዋለሁና» ብለውናል። እኛ ይህን ሰው እናደንቃለን። ከእናንተም ልጁ ወደ ጡረታ የተቃረበ ካለ ይንገረው።

እቁብን ካነሳን ዘንድ፣ እቁብ ዕቃ ለመግዛት፣ ልጅ ለመዳር፣ ጣሪያ ለማልበስ ጥሩ ነው። ለእርጅና ግን አይሆንም። ዕጣው በወጣ ወር ገንዘቡ ያልቃል። እድርም ቢሆን ለሞት ቀን ነው፤ እድር ለሕያው ሰው ዳቦ አይገዛም። በየመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሚባል አለ፤ ከደመወዝ ላይ በየወሩ ጥቂት እየተቆረጠ ይቀመጣል። ደመወዝተኛ ከጡረታው ሌላ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረው መልካም ነው። እናንተም ብትሆኑ ልጃችሁ በየድግሱ፣ በየተዝካሩ፣ በየክርስትናው ገንዘብ እንዲልክ ስትጠይቁት፣ ከየት እንደሚያመጣው ብታስቡለት ደግ ነው። አንድ በግ ሲበቃ ሁለት በሬ የሚታረድበት ተዝካር በልደታ የሚኖረውን ልጅ 5 ዓመት ዕዳ ያስከፍለዋል። ይህን ስንል አንዳንድ አባቶች ፊታችሁን እንዳጠቆራችሁ አይተናል። ቢሆንም እውነቱ ይነገር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከትምህርት በኋላ ቀርተው፣ «ልጄ መምህር ነው። እኔን የሚጦረኝ እሱ ነው። እሱ ቢሞት ጡረታው ለኔ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ከባድ ነው፤ እናት ስለ ልጇ ሞት መጠየቅ ይከብዳታል። ግን ጠየቁ። ለእሳቸው የሰጠነውን መልስ ለሁላችሁም እንሰጣለን።

ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ወይም ጡረተኛ ሲሞት አበሉ አብሮት አይቀበርም። ሕጉ ተተኪዎች የሚላቸው ሰዎች ይካፈሉታል። ሚስት ባሏ ቢሞት፣ ባልም ሚስቱ ብትሞት ከሟቹ አበል 50 በመቶ ያገኛል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እያንዳንዱ 20 በመቶ ያገኛል። ልጅ ስንል ከጋብቻ ውጭ የተወለደም፣ የማደጎም ልጅ ልጅ ነው። አሁን ደግሞ ጆሯችሁን አቅኑ፦ ሟቹ ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ይጦራቸው የነበሩ እናትና አባትም እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ያገኛሉ።

በሰሌዳው ላይ ያለውን 5,500 ብር እንውሰድ። ሚስት ግማሹን 2,750 ብር፣ አንድ ልጅ 1,100 ብር፣ እናት 825 ብር ያገኛሉ። ተተኪዎቹ ብዙ ከሆኑና ድምሩ ከሟቹ አበል የሚያልፍ ከሆነ ከሁሉም ላይ ተመጣጥኖ ይቀነሳል። 825 ብር ልጅን አይተካም። ግን ጨው ይገዛል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ የእድር መዋጮ ይከፍላል፤ ሽማግሌ ከሰው ደጅ እንዳይቆም ያደርጋል።

ታዲያ ስንቱ ገበሬ ነው ይህን የሚያውቀው? ልደታ ሳለን የሰማነውን እንንገራችሁ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በ50 ዓመቱ ገደማ ታሞ ሞተ። ሚስቱን ያገባት በአገሩ፣ በሽማግሌ ፊት፣ በባህሉ መሠረት ነበር። ድግሱ ሦስት ቀን ፈጅቷል፤ ወረቀት ግን አልተጻፈም። በመሥሪያ ቤቱ ማኅደር ውስጥ የሚገኘው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ሲታይ በወጣትነቱ እንደተቀጠረ የሞላው ነበር፤ «ያላገባ» ይላል። ከዚያ ወዲያ አልታደሰም። ሴትዮዋ ከ20 ዓመት በላይ አብረው የኖሩትን ባሏን ባሌ ነው ብላ ለማስመስከር ፍርድ ቤት ገባች። ጋብቻውን ካዩት ሽማግሌዎች ሁለቱ ሞተዋል። አንዱን ከገጠር በአውቶቡስ አስመጥታ፣ አሳድራ፣ አብልታ፣ አስመሰከረች። አበሉ እስኪፈቀድ ከዓመት በላይ ቆየ። በዚያ ዓመት ትልቁ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ታክሲ ላይ ረዳት ሆነ።

የሟቹ እናት ደግሞ ገጠር ነበሩ። ልጃቸው በየሁለት ወሩ ገንዘብ ይልክላቸው ነበር። በምን ይልክ ነበር? በባንክ አይደለም፤ ወደ አገር በሚሄድ ሰው እጅ ነው። በቀሚስ ተቋጥሮ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። እናትየዋ ለተተኪ የሚገባ አበል እንዳለ የሰሙት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሲሰሙም «ልጅዎ ይጦርዎት እንደነበር በምን ያስረዳሉ?» ተባሉ። በምን ያስረዱ? ገንዘቡን ያመጡላቸው ሰዎች ነጋዴና መንገደኛ ነበሩ። አንድ የባንክ ወረቀት፣ አንድ ቁራጭ ደረሰኝ የላቸውም። ጡረታ የመጠየቂያውም ጊዜ በሕግ የተወሰነ ነው፤ ለዘላለም ክፍት ሆኖ አይጠብቅም። የኋላ ኋላ ምን እንዳገኙ አልሰማንም።

ስለዚህ ልጃችሁ ገንዘብ ሲልክላችሁ በባንክ ይላክ። ባንኩ የሚሰጣችሁን ወረቀት አትቅደዱት፤ አትጣሉት፤ ትንባሆ አትጠቅልሉበት። አሁን እኮ ማንበብ ትችላላችሁ። ቀኑ ተጽፎበታል፤ የላኪው ስም ተጽፎበታል፤ የገንዘቡ መጠን ተጽፎበታል። ሦስቱን አንብቡና አስቀምጡ።

የጋብቻና የልደት ማስረጃም እንዲሁ ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልም የሚስትም ስም አብሮ እንደተጻፈበት፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንደተለጠፈበት ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ «የሚስት ስም ምን ያደርጋል?» ያለ ነበር። ዛሬ ባሏ የሞተባት ሴት በዚያ ደብተር መሬቷን አስከብራ ትኖራለች። የሠራተኛ ማኅደርም እንደዚያ ደብተር ነው። የሚስት ስም ካለበት ሚስት ትከበራለች፤ ከሌለበት ትንከራተታለች። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ወሳኝ ኩነት ማለት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ነው። ልጅ ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ፣ ጋብቻም ሆነ ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ ይመዘገባል። ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ሄዶ መጠየቅ ነው እንጂ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም።

ስለ ዕድሜም አንድ ቃል። በገጠር ዕድሜ የሚቆጠረው «በ77ቱ ድርቅ ጊዜ የሚሮጥ ልጅ ነበር» እየተባለ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ አንድ ዕድሜ ይጻፋል፤ ሥራ ሲቀጠር ሌላ ዕድሜ ይጻፋል። ለጡረታ የሚያዘው መጀመሪያ በተቀጠረበት ጊዜ ያስመዘገበው ነው። በኋላ «ተሳስቼ ነው፤ ገና 56 ዓመቴ ነው» ማለት አይሠራም። ስለዚህ አሁን ሥራ የሚፈልግ ልጅ ያላችሁ፣ ቅጹን ከመሙላቱ በፊት የተወለደበትን ዓመት አባትና እናት ተማክራችሁ በትክክል ንገሩት። ክርስትና የተነሣበትን ቀን የሚያስታውስ አንድ አክስት አይጠፋም።

ልጃችሁ የመንግሥትን ሥራ ትቶ ወደ ግል ድርጅት ቢገባ ደግሞ የቀድሞው አገልግሎቱ ከንቱ አይሆንም፤ ከአዲሱ ጋር ተያይዞ ይቆጠርለታል። ግን የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን የአገልግሎት ማስረጃ ይዞ መውጣት አለበት። ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ማስረጃውን ሳይቀበል የሄደ ብዙ ነው።

«ይህን ሁሉ ለልጄ እንዴት እነግረዋለሁ? ስለ ሞቱ የማወራ ይመስለዋል» ትሉ ይሆናል። በስልክ መናገር ከከበደ ጻፉለት። ደብዳቤ መጻፍ ተምራችኋል። እንዲህ ብላችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ፦

«ይድረስ ለውድ ልጄ። እንደምን ከርመሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ ፊደሉ ቢጣመም አትሳቅብኝ። ልጄ፣ በትምህርት ቤት ስለ ጡረታ ነገሩን። መሥሪያ ቤትህ ሄደህ ማኅደርህን አውጥተህ እይ። የሚስትህ ስም አለበት? ሁለቱ ልጆችህስ ተጽፈዋል? የእኔና የአባትህ ስም በትክክል ተጽፏል? የአባትህ ስም በመታወቂያው ላይ እንዳለው ይሁን፤ በቤት እንደምንጠራው አታድርገው። የጋብቻ ወረቀት ከሌላችሁ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ አሁኑኑ አውጡ፤ እኔ እዚህ እነግራቸዋለሁ። ገንዘብ ስትልክ በባንክ ላክልኝ። ለመጪው ተዝካር ብዙ አትላክ፤ ከአባትህ ጋር ተማክረን አንድ በግ ይበቃል ብለናል። የቤትህ ዕዳ መቼ እንደሚያልቅ ጻፍልኝ። እናትህ።»

ይህን ደብዳቤ እንዳለ መገልበጥ አያስፈልግም፤ የየቤቱ ጉዳይ ይለያያል። አባት የሞተበት አለ፤ ልጁ ሁለት ትዳር የያዘ አለ፤ ሴት ልጇ ሠራተኛ የሆነችላት አለች፤ የሴት ሠራተኛም አበል ለባሏ፣ ለልጆቿና ለወላጆቿ እንደ ወንዱ ያልፋል። የተቸገረ ይጠይቀን፤ አብረን እንጽፋለን። ማመልከቻ ለመጻፍ ደላላ አትቅጠሩ።

በቤታችሁ ያለውን ወረቀት፣ የባንክም ይሁን የቀበሌ፣ የቤተ ክርስቲያንም ይሁን የመስጊድ፣ ቅዳሜ ከገበያ በፊት ይዛችሁ ኑ። አንድ በአንድ እናነበዋለን፤ የተቀደደውን እንለጥፈዋለን። ከዚያ በኋላ በላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ጭስ ከማይደርስበትና ምስጥ ከማይወጣበት ቦታ፣ ከመሬት ደብተራችሁ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት። የት እንዳስቀመጣችሁት ደግሞ ከቤት ውስጥ ቢያንስ ለአንድ ሰው ንገሩ።